ወንበር የተከፈለለት ዳቦ

ዳቦ የአንባቢ ምግብ ነው። እንጀራ የሚበላ ሰው ጣቱ ወጥ ይነካል፤ ወጥ የነካ ጣት ደግሞ ገጽ አይገልጥም። ዳቦ ግን በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው እየተነበበ ይበላል፤ ፍርፋሪው መጽሐፉ ላይ ቢወድቅ እንኳ እፍ ሲሉት ይሄዳል። እኔ ሀ ሁ የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ስለሆነ ያመለጠኝ ብዙ ነው። ስለዚህ የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሳለ፣ ምሳዬንም እራቴንም ከመጽሐፍ ጋር ነው የምበላው። ዳቦ ላይ ብጨቀጭቅ አይፈረድብኝም።

ወረቀት ላይ እንጅባራ፣ እኛ ግን እስካሁን ቆሰበር በምንላት ከተማ ውስጥ ያሉትን ዳቦ ቤቶች በየጥፋታቸው አውቃቸዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ዳቦ ሲያዩት ያምራል፤ ጨበጥ ሲያደርጉት ግን ውስጡ የነበረው አየር ይወጣና እጅ ላይ የሚቀረው ቅርፊት ነው። ከገበያው መውጫ ያለው ጋጋሪ አንዳንድ ቀን ጨው ይረሳል፤ በማግሥቱ የትናንቱንም ጨምሮ ያካክሳል። መስታወት በመስታወት የሆነው ኬክ ቤት ጥሩ ዳቦ አለው፤ የመስታወቱን ዋጋ ግን ከዳቦው ላይ ነው የሚያወጣው። ሰፈራችን ያለው ሰውዬ ደግሞ እጁ ጥሩ፣ ዋጋውም የማይንቀሳቀስ ነበር። የሚንቀሳቀሰው ዳቦው ነው። ከሳምንት ሳምንት እየኮሰሰ፣ እየኮሰሰ ሄዶ አንድ ጠዋት አንዱን አንስቼ፣

«ይሄ የሚሸጠው ነው ወይስ ናሙናው?» አልኩት።

«አይ እታለም!» አለኝ፣ ጭራሽ ሳያፍር። «ዱቄት ተወደደ። ዋጋ ብጨምር ሰፈሩ ሁሉ ይጮህብኛል። ዳቦውን ሳሳንሰው የምትጮሂው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

እንዲህ እየተነታረክን እየበላሁ እኖር ነበር፣ የማኅበሩ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ያሉበት የሴቶች ማኅበር በየወሩ በማርያም ዕለት፣ በተራ፣ በየአባላቱ ቤት ይዘከራል። «ብቻሽን ተቀምጠሽ ከወረቀት ጋር ስታወሪ ልታብጂብኝ ነው» ብለው እኔንም አስገቡኝ። ሴቶቹ በደስታ አልተቀበሉኝም። ብቻዋን የምትኖር፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ ሴት እንዴት አድርጋ ይህን ሁሉ ሰው ታስተናግዳለች? የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ማኅበሩን የሚመሩት ወይዘሮ፣ ፊት ለፊቴ፣

«እስቲ አንድ ተራ ይድረሳትና እናያለን። ካቃታትም ከአሁኑ ይሻላል፣ በሰላም እንሸኛታለን» አሉ።

«እኔ አለሁላት!» አሉ እማማ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

እሳቸው «አለሁላት» ሲሉ ሴቶቹ ለምን አንገታቸውን ሰብረው እንደሳቁ ቆይቶ ነው የገባኝ። በማኅበር ላይ ዋናው ፈተና ዳቦው ነው። ድፎው ሙሉውን ይቀርባል፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው እስኪባርኩትና እስኪቆርሱት ድረስ ማንም አይነካውም፣ ጋጋሪዋም ብትሆን። ስለዚህ ውስጡ መብሰሉን ባለቤቲቱ የምታውቀው ከእንግዶቹ ጋር እኩል ነው። ድሮ እማማ ባለተራ በነበሩ ጊዜ ቄሱ ቢላዋ ሲሰዱበት ቢላዋው ሊጥ ለብሶ ወጣ። ያንን ካዩት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ወሬውን ግን ለልጆቻቸው አውርሰውት ነው የሄዱት።

እና ጽዋውን ተረከብኩ። ተራዬ የወደቀው ጾመ ነቢያት ውስጥ ነበር፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ወቅት። ዳቦዬ ከተበላሸ እኔ ከማኅበሩ እወጣለሁ፣ እማማም በስተርጅና ሁለተኛ ሊጥ ይቆጠርባቸዋል።

መጀመሪያ ራሴው ለመጋገር ሞከርኩ። አንድ የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ አገላበጥኩ። «ሊጡን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ያቆዩት» ይላል። ጸሐፊው ቆሰበርን አያውቃትም። ሞቅ ያለ ክፍል ቢኖር መጀመሪያ የምገባበት እኔ ነበርኩ። ቤቴ ውስጥ የሚሞቀው ቦታ አልጋዬ ብቻ ስለሆነ ሊጡን ከነሳፋው አልጋዬ ላይ አስተኛሁት፤ ብርድ ልብሴን አለበስኩት፣ ከላዩም ጋቢዬን። እኔ በነጠላ ተጠቅልዬ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ስንቀጠቀጥ እማማ ገቡ። አልጋውን ሲያዩ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዳ መጥቶብሻል እንዴ?»

«ሊጥ ነው፣ እማማ።»

«ምን ሆኖ?»

«አልነሳም ብሎ።»

ጠጋ ብለው ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩትና መልሰው ሸፈኑት። «እግዜር ይማረው» አሉ።

አልማረውም። የጋገርኩትን ከምድጃ ላይ ሳወርደው ጠርዙ ድንጋይ፣ መሃሉ ጭቃ ነበር። እማማ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጡት፣ ፊታቸው ላይ የሆነ የመደነቅ ነገር መጣ።

«ይሄማ የኔው ነው» አሉ። «በየት ዞሮ መጣ?»

የዚያን ዕለት ነው ዳቦ ቤት ለማስጋገር የቆረጥኩት። እማማ ደነገጡ። የማኅበር ዳቦ ከቤት ነው እንጂ ከሱቅ ይወጣል?

«ሙሴዋ ቢሰሙ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«እንግዲያው እንዳይጠይቁሽ ጸልዪ። እኔም አግዝሻለሁ።»

የቆሰበሮቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ባለአየሩ ዳቦ ቤት «ድፎ አንሠራም» አለኝ። ባለጨው «እንሠራለን» አለኝ፤ እሱን ደግሞ እኔ ፈራሁት። ኬክ ቤቷ ውስጥ ያለችው ሴት ዋጋውን ስትነግረኝ «ዳቦው ከነሙሽራው ነው?» ብዬ ወጣሁ። የሰፈራችን ሰውዬም ለአንድ ማኅበር ብሎ ዳቦ እንደማያተልቅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

የዳንግላውን ዳቦ ቤት የነገረችኝ እዚያ ተወልዳ ያደገች አንዲት አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ጠብቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳንግላ ከኛ ይልቅ ሞቅ ትላለች፤ እንኳን ሊጥ ሰውም እዚያ ሲደርስ ነፋ ይላል። ዳቦ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ነው። ባለቤቱ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት የሰፈረበት ግዙፍ ሰው ነው። አንድ ትንሽ ዳቦ ገዛሁና በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ተመልሶ ተነሳ። አሸተትኩት። ገመስኩት። ውስጡን ወደ ብርሃኑ አድርጌ አየሁት። ሰውየው እጁን አጣምሮ ያየኛል።

«እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?»

«የማኅበር ድፎ ላስጋግር ፈልጌ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አገላብጪው» አለና ሳቀ።

ያልኩትን ሁሉ ሰማኝ፦ ኮባ ቅጠሉ እንዳይቀር፣ ጥቁር አዝሙድ እንዲኖረው፣ ጨው እንዳይበዛ፣ ወፈር እንዲል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሃሉ። መሃሉን ደጋግሜ ነገርኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ የተሳሳተ መሰለኝና መልሼ ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። በደንብ ያሰብኩበት መስሎኝ ነበር።

የማኅበሩ ዕለት ማለዳ ሄጄ ተረከብኩት። ዳቦ ሳይሆን ፀሐይ ነበር። ክብ፣ ወፍራም፣ ላዩ የመጽሐፍ ሽፋን ይመስል የሚያብረቀርቅ። ሰፌድ ላይ አድርጌ ነጠላ አለበስኩት፤ ለራሴ ደግሞ ጾሜን ስፈታ እያነበብኩ የምበላት ከዚያው ምድጃ የወጣች፣ እሷም የምታብረቀርቅ አንዲት ትንሽ ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ሹፌሩ ሰፌዱን ዓይቶ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው።»

«ዳቦው ይከፍላል።»

«ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«እናቴ፣ ይሄ ዳቦ እኮ ከአንቺ ይሰፋል። የት ታስቀምጪዋለሽ?»

እውነቱን ነበር። የሁለት ሰው ከፍዬ ሰፌዱን ከጎኔ አስቀመጥኩ፤ እንዳይንሸራተትም በሁለት እጄ አቀፍኩት። ከፊቴ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ዞር ብለው አዩኝና በአዊኛ ማውራት ጀመሩ። የከተማ ሴት ናት፣ አትሰማንም ብለው ነው።

«አያያዟን እዪልኝ፤ ሕፃን ያቀፈች እኮ ነው የምትመስለው» አሉ ሽማግሌው።

«ዝም በል። ለአማቷ ይዛ እየሄደች ይሆናል።»

«በዚህ ዕድሜ?»

እኔም በአዊኛ «ለማርያም ማኅበር ነው፣ አባቴ። አማት እንኳ የለኝም» አልኳቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሽማግሌው ግን «የኛው ልጅ ናት ለካ!» ብለው ሰፌዱን በአንድ ጎን ሊይዙልኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። እንዲህ ሆነን ከዳንግላ ወጣን።

ብዙም ሳንርቅ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገባና ነጠላው ተንሸራተተ። ከጎኔ ሽንኩርት የያዘች ሴት ዳቦውን አይታ እጇን አጨበጨበች።

«ውይ ሲያበራ! እንቁላል ነው አይደል የተቀባው?»

ጨውን፣ ቅጠሉን፣ አዝሙዱን፣ መሃሉን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ላዩን ግን አልጠየቅሁም። ጾመ ነቢያት ነው። በጾም እንቁላል የተቀባ ዳቦ ለቄስና ለማኅበርተኛ ላቀርብ ነው? የእማማ ሊጥ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጽድቅ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ጋጋሪው ጋር አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ የለም።

«ዘይት ይሆናል» አለ አንዱ።

«ዘይት እንዲህ አያበራም፤ እንቁላል ነው» አለ ሌላው።

«ዳቦ ጋጋሪ ጾም አያውቅም እንዴ? አይቀባም!»

«የሚያስገባለትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «እንዲህ ከምትጨነቂ ቆንጠር አድርገሽ ቅመሺውና ተገላገዪ» አለ።

«ሳይባረክ!» ብሎ ሚኒባሱ በአንድ አፍ ጮኸበት። ምስኪኑ ወደ መሪው ተመለሰ።

ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ዳቦ ትዝ አለችኝ። አወጣኋት። እሷ የማኅበር አይደለችም፣ መባረክም አትጠብቅም። ግን ማን ይቅመሳት? እኔ ጿሚ፣ ሽማግሌው ጿሚ፣ ባለሽንኩርቷ ጿሚ። አንዲት እናት የታቀፈችውን ሕፃን አቀረበች። ከላይኛው ቅርፊት ቆረስኩና አጎረስኩት። አላመጠ፣ ፈገግ አለ፣ እንደገና አፉን ከፈተ።

«ጣፈጠው!»

«እንቁላልም ቢሆን ይጣፍጠዋል። ምኑን ይለየዋል?» አሉ ሽማግሌው።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳንግላ የሚነግድ እስላም ጨርቅ ሻጭ ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጣቃዎቹ መሃል ተቀምጦ በጨዋነት ዝም ብሎ ነበር።

«እኔ ጾም የለብኝም» አለ።

ሁሉም ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎን ፈጣሪ ነው ያሳፈረዎት!» አለ ሹፌሩ፣ እንደገና አፉን ለመክፈት ምክንያት አግኝቶ።

ዳቦዋ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ ደረሰችው። ቢስሚላህ ብሎ ገመሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። ሁላችንም አፉን እናያለን።

«እ?»

«መሃሉ ጥሩ ነው።»

«መሃሉን ማን ጠየቀህ? ላዩን!» አለች ባለሽንኩርቷ።

«ላዩን ልየዋ» አለና ሌላ ገመሰ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ከዳቦዋ ግማሹ የለም። የሚወርዱት ሰዎች እንኳ ፍርዱን ሳይሰሙ መውረድ ከብዷቸው በር ላይ ቆመዋል።

«ስኳር ይመስለኛል» አለ።

«ይመስለኛል አይበቃም!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ ሰው መሃል እንዲያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ለማኅበር ነው። ቁርጡን ንገረኝ።»

በሐዘኔታ ዓይቶኝ የቀረችውን ጨረሳት። እጁን አራገፈ።

«እንቁላል ቢሆን ምላሴ ላይ ይቀር ነበር። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ነው። የትም ቦታ እመሰክራለሁ።»

የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲውጥ ስልኬ ጮኸ። ጋጋሪው ነው።

«የደወልሽልኝ መልእክት ገባልኝ። ምነው፣ ደህና?»

«ላዩ ላይ የቀባኸው ምንድን ነው?»

«ስኳር ነዋ! በጾም ምን እንድቀባልሽ ነው? አሁን እንዲህ ነው የጠረጠርሽኝ?»

ሚኒባሱ እልል አለ። ጨርቅ ሻጩ ጢሙ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እየጠረገ «አላልኩም?» ይላል። የምሳዬም፣ የንባቤም ነገር እዚያው አበቃ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ጠቦ ጠቦ ሴቶቹ አልጋዬ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ሙሴዋ በመጻሕፍቴ መደርደሪያ አጠገብ ነበሩ፤ ዳቦው ሲገባ ግን ዓይናቸው ከእሱ አልተነሳም። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ። ቢላዋውን አነሱ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቢላዋው ገባ። ወጣ። እንደገባው ንጹሕ ነበር። «እሰይ!» አሉ እማማ፣ በማይባልበት ቦታ።

ከተበላ በኋላ ሙሴዋ ቁራሻቸውን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ተመልሶ ተነሳ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን አንቺ አልጋገርሽውም።»

እማማ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት።

«አልጋገርኩትም» አልኩ። «ዳንግላ ዳቦ ቤት ነው ያስጋገርኩት። የኔው አልነሳልኝም። ላዩ ላይ ያለው ደግሞ ስኳር ነው፣ እንቁላል የለበትም፤ አረጋግጫለሁ።»

«በምን አረጋገጥሽ?»

ስለዚህ ነገርኳቸው። ከሊጡ ሕመም ጀምሬ፣ ስለ ዳቦው ወንበር፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ጨርቅ ሻጩ። «መሃሉ ጥሩ ነው» ያለበት ላይ ስደርስ ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞክረው አልሆነላቸውም። በር አካባቢ የነበሩት አልሰማንም ብለው እንደገና አስነገሩኝ። እኔ ገብቼ ስወጣ ከ«እንዴት ዋላችሁ» በላይ ተናግሬ የማላውቅ ሴት፣ ሁለት ጊዜ ነገርኩ።

ሳቁ ሲበርድ ሙሴዋ ብቻ አልሳቁም ነበር።

«የማኅበር ዳቦ ከሱቅ ገዝቶ ማቅረብ ነውር ነው» አሉ። «ነውር ደግሞ ያለ ቅጣት አይታለፍም።»

«እኔን ቅጡኝ!» አሉ እማማ ከነጠላቸው ውስጥ።

«አንቺማ ድሮ ተቀጥተሻል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ከእንግዲህ ተራ የደረሳት ሁሉ ዳቦዋን ከዳንግላ ተሳፍረሽ የምታመጪላት አንቺ ነሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ከማኅበሩ እስክናስወጣሽ።»

«መቼ ነው የምታስወጧት?» አሉ እማማ፣ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው።

«ዳቦው ሳይበስል የመጣ ዕለት።»

ሁሉም እማማን ዓየ። እማማ መልሰው ተሸፈኑ።

ጽዋውን ከእጄ የተረከቡት፣ ባለተራ ሆነው፣ ሙሴዋ ራሳቸው ነበሩ። ስሸኛቸው በሩ ላይ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «የኔው ትንሽ ወፈር ይበልና ስኳሩን ያብዛው» አሉኝ።

እስከ ዛሬ በየወሩ እመላለሳለሁ። ሹፌሮቹ ስላወቁኝ የዳቦውን ወንበር ሳልጠየቅ እከፍላለሁ። ትንሿን ዳቦ ግን አሁን ሁለት አድርጌ ነው የምገዛት፤ አንዷ ለእኔና ለመጽሐፌ፣ አንዷ ለምስክሩ። ሰውየው ስኳር መሆኑን አንዴ ካረጋገጠ በኋላም በየወሩ ያንኑ ሚኒባስ ጠብቆ ይሳፈራል፤ «ስለዚህኛው ግን እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል።